በስትሮ የተነፈስኩበት ቀን

«አፍንጫህን ያዝ» አለችኝ አዲሷ የሥነ ልቦና ባለሙያዬ። ያዝኩ።

«አሁን በስትሮው ብቻ ተንፍስ። አንድ ደቂቃ ነው። ሰዓቱን እኔ እይዛለሁ።»

ስትሮው ቀጭን ነበር። የመጀመሪያዎቹን አሥር ሰከንዶች ምንም አልተሰማኝም። እንዲያውም ነገሩ አሳቀኝ፤ ይኼን የሚያህል ሰው አፍንጫውን ይዞ ባዶ ስትሮ ሲመጥ። ከዚያ ደረቴ መጥበብ ጀመረ። ሃያ ሰከንድ ላይ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይደልቃል። ሠላሳ ላይ ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ያ የማውቀው ሐሳብም ከተፍ አለ፦ በቃ፣ አሁን ልሞት ነው። ስትሮውን ከአፌ አውጥቼ ወረወርኩት።

አልተቆጣችም። አላባበለችኝምም። ወረቀቷ ላይ የሆነ ነገር ጫር አድርጋ «ከዜሮ እስከ መቶ፣ ፍርሃትህ ስንት ደረሰ?» አለች።

«ዘጠና።»

«ልሞት ነው የሚለውን ሐሳብስ ስንት በመቶ አመንከው?»

«ሰማንያ።»

«ሞትክ?»

ይቺ ደግሞ ታሾፋለች እንዴ አልኩ በልቤ። «አልሞትኩም።»

«እሺ። ሌላ ስትሮ እንካ። ድገመው።»

በዚያ ቀን ስምንት ጊዜ ደገምኩት። ስምንተኛው ላይ ደረቴ እንደ መጀመሪያው ጠቧል፣ ልቤም እንደ መጀመሪያው ይደልቃል፣ ፍርሃቴ ግን ሠላሳ አምስት ነው። ከክፍሉ ስወጣ ደስ አላለኝም። ላብ በላብ ሆኛለሁ፣ ደክሞኛል፣ ንድድ ብሎኛል። የተናደድኩት በእሷ አልነበረም። ሁለት ዓመቴ ነው ያናደደኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓኒክ አታክ መጀመሪያ የያዘኝ ሊፍት ውስጥ ነበር። ምንም ሳይኖር በድንገት ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ዓለም ይርቃል። ከዚያ ቀን በኋላ ሊፍት ተውኩ። ቀጥሎ የታጨቀ አውቶቡስ ተውኩ። ከዚያ ስብሰባ ላይ ከበር አጠገብ ካልሆነ አልቀመጥም ማለት ጀመርኩ። ሰው ሲጠይቀኝ «በእግሬ መሄድ እወዳለሁ» እላለሁ። ሕይወቴ እያነሰች ስትሄድ እኔ ጠንቃቃ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ሲብስብኝ አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ሄድኩ። በዕድሜ ጠና ያሉ፣ ረጋ ያሉ፣ እንደ አባት የሚያዩ ሰው ናቸው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁለት ዓመት። ስለ ልጅነቴ አወራን። ስለ አባቴ አወራን፣ ብዙ ጊዜ። አለቀስኩ። «አይዞህ ልጄ፣ አውጣው» ይሉኛል። ስወጣ ሁሌም ቀለል ይለኛል። ለሰውም እመሰክር ነበር፣ «ሂዱ፣ በጣም ይረዳሉ» እያልኩ።

ቢሯቸው አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በደረጃ ወጥቼ በደረጃ ወረድኩ። አንድም ቀን «በምን ነው የምትወጣው?» ብለው አልጠየቁኝም። እኔም አልነገርኳቸውም፤ እያለከለክሁ ስገባ «ስፖርት ነው» እላለሁ፣ እንስቃለን።

ይህን የምጽፈው እሳቸውን ለመክሰስ አይደለም። የምጽፈው አንድ ጥያቄ ስለሚከነክነኝ ነው። ቀለል ብሎኝ መውጣቴ እውነት ነው። ሊፍት አለመግባቴም እውነት ነው። ሁለቱ እንዴት አብረው ይሄዳሉ? አንድ ሕክምና መሥራት አለመሥራቱን የታካሚው ስሜት ካልነገረን፣ የባለሙያው ልምድም ካልነገረን፣ ማን ይነግረናል?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲባል ሁላችንም እንስማማለን። ትክክል ነው። ግን በሽታውን አልደበቅኩም፣ ተናገርኩ፣ ሁለት ዓመት ተናገርኩ። ከተናገሩ በኋላ የትኛው መድኃኒት እንደሆነ ተረቱ አይነግረንም።

እልህ ይዞኝ ማንበብ ጀመርኩ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1952 ለንደን ውስጥ ይሠራ የነበረ ሃንስ አይሰንክ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አጭር ጽሑፍ አውጥቶ የሙያውን ዓለም ቀወጠው። ያለው ነገር ባጭሩ፣ በጭንቀትና በመሳሰለው ከሚሰቃዩ ሰዎች ሁለት ሦስተኛው በሁለት ዓመት ውስጥ ይሻላቸዋል፤ የሥነ ልቦና ሕክምና ቢያገኙም ባያገኙም። በሌላ አነጋገር፣ ጊዜ የሚሠራውን ሥራ ባለሙያው ሒሳብ ይቀበልበታል ማለቱ ነው። ያመጣው ማስረጃ ደካማ ነበር፤ ያነጻጸራቸው ሰዎች በዕጣ የተመደቡ አይደሉም፣ ሕመማቸውም የተለያየ ነው። ሰውየውም ራሱ ቅዱስ አይደለም። ከሞተ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ ይሠራበት የነበረው ኪንግስ ኮሌጅ ለንደን ባደረገው ምርመራ በሌላ ርዕስ ላይ ከአንድ ባልደረባው ጋር ያሳተማቸው 26 ጽሑፎች እምነት የሚጣልባቸው አይደሉም ተብለዋል። ጥያቄው ግን ጥሩ ጥያቄ ነበር። ሰው ስለተሻለው ብቻ ያሻለው ሕክምናው ነው ማለት አይቻልም።

ይሄ ጊዜ የሚባል ነገር በተለይ ለጭንቀት ተንኮለኛ ነው። ወደ ባለሙያ የምንሄደው ሲብስብን ነው። የባሰ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ በራሱ ጋብ ይላል። ጋብ ሲል እኛ ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብለናል። ምስጋናውን ለማን እንሰጣለን? አጠገባችን ላለው ሰው።

መፍትሔው ሰምተነው የምናውቀው ነው፣ መድኃኒት የሚፈተንበት መንገድ። ተመሳሳይ ሕመም ያላቸውን ሰዎች ሰብስቦ በዕጣ ለሁለት መክፈል። ለአንዱ ሕክምናውን መስጠት፣ ለሌላው አለመስጠት ወይም ሌላ ነገር መስጠት። መጨረሻ ላይ ማን በየትኛው ቡድን እንደነበረ በማያውቅ ሰው መለካት። ሲሉት ቀላል ነው። ነፍስን እንዲህ መለካት ነውር የሚመስላቸው አሉ፤ እኔም አንድ ሰሞን ከእነሱ ነበርኩ።

በ1977 ሜሪ ስሚዝ እና ጂን ግላስ የተባሉ ተመራማሪዎች እስከዚያ የተሠሩ 375 ጥናቶችን በአንድ ላይ ጨምቀው አሰሉ። ሜታ አናሊሲስ የሚባለው ዘዴ የታወቀው በዚህ ሥራ ነው። ውጤቱ ለሙያው የምሥራች ነበር፦ የታከመው አማካይ ሰው ካልታከሙት 75 በመቶ ከሚሆኑት የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ አይሰንክ ተሳስቷል፤ የንግግር ሕክምና ይሠራል። ግን እዚያው ላይ አንድ ችግር ብቅ አለ። በዓይነቶቹ መካከል ብዙ ልዩነት አላዩም። «እንግዲያው ሁሉም አንድ ነው፣ ዋናው ጥሩ ሰው ማግኘት ነው» የሚለው ንግግር ከዚያ ወዲህ ጉልበት አገኘ። እስከ ዛሬም ያልተቋጨ ክርክር ነው።

እኔ ግን አማካይ በሚባለው ነገር ላይ ቅሬታ አለኝ። ድባቴ ያለበትን፣ እባብ የሚፈራን፣ እጁን በቀን መቶ ጊዜ የሚታጠብን፣ ትዳሩ የታመመን ሰው ሁሉ አንድ ላይ ደምሮ ማካፈል ስለ እኔ ሊፍት ምን ይነግረኛል? ለድባቴ በርከት ያሉ ሕክምናዎች ተቀራራቢ ውጤት ማምጣታቸውን አምናለሁ፣ ጥናቱ ያንን ይላል። ለፓኒክ፣ ለፎቢያ (ለአንድ ነገር ከልክ ያለፈ ፍርሃት)፣ ለአስገዳጅ ሐሳብና ድርጊት ግን «ሁሉም አንድ ነው» የሚለኝን ሰው ስትሮ እሰጠዋለሁ።

በ1993 የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ክፍል አንድ ኮሚቴ አቋቋመ። የክፍሉ ፕሬዚዳንት ዴቪድ ባርሎ ነበር፣ ኮሚቴውን የመራችው ዲያን ቻምብለስ ናት። ሥራቸው ግልጽ ነው፦ የትኛው ሕክምና ለየትኛው ችግር ማስረጃ እንዳለው ለይቶ ዝርዝር ማውጣት፣ ዝርዝሩንም ወደ ትምህርት ቤቶች፣ ወደ ባለሙያዎችና ወደ ሕዝቡ ማድረስ። መስፈርታቸውም ተጽፏል። አንድ ሕክምና በሚገባ ተረጋግጧል ለመባል ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቡድኖች የተሠሩ ጥሩ ጥናቶች ያስፈልጉታል። አንድ ቡድን ብቻውን የራሱን እንጀራ አይመርቅም እንደማለት ነው። ሕክምናው ሌላ ሰው አንብቦ ሊደግመው በሚችል መመሪያም መጻፍ አለበት። በ1995 የታተመው የመጀመሪያው ዝርዝር 25 ሕክምናዎች ነበሩበት።

ሃያ አምስት! በዚያ ዘመን በስም የሚጠሩት የሕክምና ዓይነቶች በመቶዎች የሚቆጠሩ ነበሩ።

የቀረው ሙያ እልል ብሎ አልተቀበለም። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለው ሁሉ ተቆጣ። «ሰው ማሽን ነው ወይ፣ በመመሪያ መጽሐፍ የሚጠገን?» ተባለ። ከቁጣው መሐል ግን እውነት የነበረበትም አለ፣ እሱን ልዝለለው አልፈልግም። በመስፈርቱ መሠረት ሁለት የተሳኩ ጥናቶች ካሉ ይበቃል። ያልተሳኩት ስንት ናቸው ብሎ የሚጠይቅ የለም። አሥር ጊዜ ተኩሶ ሁለቴ የመታ ሰው በዚህ ሒሳብ አልሞ ተኳሽ ነው። ከዚያም በላይ ያልተሳኩት ጥናቶች ብዙ ጊዜ አይታተሙም። በ2015 የወጣ አንድ ሥራ የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም ለድባቴ የንግግር ሕክምና ገንዘብ የሰጠባቸውን 55 ጥናቶች ተከታተለ። 13ቱ ጭራሽ አልታተሙም። የእነዚያ ውጤት ከተገኘው ያህል ተፈልጎ ሲደመር ሕክምናው አለው የተባለው ጥቅም በሩብ ገደማ ቀነሰ። አልጠፋም፣ ቀነሰ። ይህን ሳነብ ትንሽ ከፍቶኝ ነበር፤ ሲያድር ግን ይህንንም ያጋለጠው ያው ቆጠራ መሆኑን አሰብኩ።

ሌላም አለ። የማነጻጸሪያው ቡድን ወረፋ ጠባቂ ብቻ ከሆነ ማሸነፍ ቀላል ነው። «ከሦስት ወር በኋላ ይመጣልሃል» የተባለ ሰው እጁን አጣጥፎ ነው የሚጠብቀው። አጥኚው ራሱ ሕክምናውን የፈጠረው ሰው ሲሆን ደግሞ ውጤቱ ያምርለታል። እነዚህን ሁሉ ይዞ በዴቪድ ቶሊን የተመራ ቡድን በ2015 አዲስ መስፈርት አቀረበ፦ ሁለት ጥናት መቁጠር ቀርቶ ያለውን ማስረጃ ሁሉ አጠቃሎ ማየት፤ ምልክቱ መቀነሱን ብቻ ሳይሆን ሰውየው ወደ ኑሮው መመለሱን መጠየቅ። ይሄ ሁለተኛው ነው ልቤን የነካው። እኔ እኮ ሁለት ዓመት ሙሉ መጠይቅ ቢሰጠኝ «ደህና ነኝ» ብዬ እሞላ ነበር። አምስተኛ ፎቅ በምን ወጣህ ተብዬ ብጠየቅ ነው የምያዘው።

አሁን ወደሚያሳምመው ልምጣ። አንድ ሕክምና ካልሠራ ቢበዛ ጊዜና ገንዘብ ይባክናል ብዬ አስብ ነበር። እንደሱ አይደለም።

ቦስተን አጠገብ ባሉት ካምብሪጅና ሶመርቪል ከተሞች በ1939 አንድ ትልቅ ፕሮግራም ተጀመረ። ያሰበው ሪቻርድ ካቦት የተባለ ሐኪም ነው። ወደ ወንጀል ሊገቡ ይችላሉ የተባሉትንም ያልተባሉትንም ጨምሮ 506 ወንድ ልጆች ተመረጡ። በዕድሜ፣ በቤተሰብ፣ በጠባይ የሚመሳሰሉትን ሁለት ሁለት አድርገው አጣመሯቸውና ሳንቲም ወረወሩ። አንደኛው አማካሪ ተመደበለት፤ ቤቱ ድረስ የሚመጣ፣ በትምህርት የሚያግዝ፣ ሐኪም ጋ የሚወስድ፣ ክረምት ላይ ካምፕ የሚልክ። ይህ በአማካይ አምስት ዓመት ያህል ቀጠለ። ሌላኛው ምንም አላገኘም። ማን ነው ይህን የሚቃወም? እኔ ብሆን ልጄን እሰጥ ነበር።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ ጆአን ማኮርድ የተባለች ተመራማሪ ልጆቹን፣ ያኔ ጎልማሶች ሆነዋል፣ አንድ በአንድ ፈልጋ አገኘች። ውጤቱን በ1978 አሳተመች። ከታገዙት ሁለት ሦስተኛው ፕሮግራሙ እንደጠቀማቸው ተናገሩ። አማካሪዎቻቸውን በስም የሚያስታውሱ፣ በፍቅር የሚያነሱ ነበሩ። መዝገቡ ሲገለጥ ግን ሌላ ነው። ከታገዙት መሐል ወንጀል የደጋገሙት በዙ። የመጠጥ ሱስ ምልክት የታየባቸው በዙ። ቀድመው የሞቱት በዙ። በአንድም መለኪያ የታገዙት ተሽለው አልተገኙም።

ይህን ያነበብኩ ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሳንቲም ባይወረወር ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አስቡት። አማካሪዎቹ ጡረታ ሲወጡ «ያን ያህል ልጅ አተረፍን» እያሉ ይጽናኑ ነበር። ልጆቹም ይመሰክሩላቸው ነበር። ሁሉም ከልቡ። ሁሉም ተሳስቶ።

ሁለተኛው ደግሞ ብዙዎቻችን ዛሬም የምናምነው ነው። አደጋ ደረሰ እንበል፣ እሳት፣ የመኪና ግጭት። ወዲያው ባለሙያ ይላክና የተጎዱትን «የሆነውን ሁሉ በዝርዝር ንገሩን፣ የተሰማችሁን አውጡት» ይላቸዋል፣ አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ። ዓላማው ኋላ ላይ የሚመጣውን የአእምሮ ጠባሳ ቀድሞ መከላከል ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በብዙ አገር ተስፋፋ። በ1997 እንግሊዝ ውስጥ በታተመ አንድ ጥናት የእሳት ቃጠሎ የደረሰባቸው ሰዎች በዕጣ ተመድበው ለአንዱ ወገን ይህ ተደረገለት፣ ለሌላው አልተደረገለትም። ከ13 ወር በኋላ ጠባሳው ጸንቶ የተገኘባቸው ካወሩት 26 በመቶ፣ ካላወሩት 9 በመቶ ነበሩ። እዚህ ላይ ሐቀኛ ልሁን፣ ያወሩት ቡድን ሲጀመርም ቃጠሎው ጠንከር ያለባቸው ነበሩ፤ ስለዚህ ልዩነቱን ሁሉ በማውራት ማሳበብ አይቻልም። ግን ሌሎች ጥናቶችም ተደምረው ሲታዩ ጥቅም አልተገኘም። የዓለም ጤና ድርጅትም በጅምላ እንዳይደረግ ነው የሚመክረው። በምትኩ የሚመከረው ቀላል ነገር ነው፦ ደኅና ቦታ፣ ውሃ፣ ቤተሰብን ማገናኘት፣ ማውራት የፈለገውን መስማት፣ ያልፈለገውን አለማስጨነቅ።

እዚያም ብዙዎቹ «ጠቅሞናል» ብለው ነበር። ቀለል ብሏቸው ነዋ።

ታዲያ እኔ ያገኘሁት ሕክምና ከየት መጣ? የሚገርመው አዲስ አይደለም። በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች ወጣት ተመራማሪ ጥንቸል የሚፈራ ፒተር የተባለ ሕፃን አከመች። ሕፃኑ የሚወደውን ሲበላ ጥንቸሏን ራቅ አድርጋ ታስቀምጣለች፤ በሚቀጥለው ጊዜ ትንሽ ቀረብ፣ ከዚያ ትንሽ ቀረብ። በመጨረሻ ፒተር ጥንቸሏን ይዳብሳት ጀመር። ከመቶ ዓመት በፊት ማለት ነው።

ለፓኒክ ግን የሚፈራው ጥንቸል የለም። የሚፈራው የገዛ ልብ ነው። በ1986 ዴቪድ ክላርክ የተባለ የኦክስፎርድ ተመራማሪ ነገሩን በሚገባ አስቀመጠው፦ ልብ ትንሽ ይመታል፣ ሰውየው «ልቤ ሊቆም ነው» ብሎ ይተረጉመዋል፣ ይደነግጣል፣ በድንጋጤው ልብ የባሰ ይመታል፣ «አላልኩም!» ይላል። ክቡን የሚያሽከረክረው ትርጉሙ ነው። ስለዚህ ሕክምናው ልብ እንዳይመታ ማድረግ ሳይሆን ሆን ብሎ እንዲመታ ማድረግ ሆነ። በስትሮ መተንፈስ። በሚሽከረከር ወንበር ላይ መዞር። ባሉበት ቆሞ መሮጥ። (መጀመሪያ ሐኪም ጋ ልካ ልቤን አስመርምራኛለች፤ እናንተም ሳትመረመሩ እንዳትሞክሩት።) በዚህ መንገድ የሚሠራ ሌላ ሕክምና የፈጠረው ደግሞ ያ የኮሚቴው አቋቋሚ ባርሎ ነው። በ2000 እሱና ባልደረቦቹ 312 የፓኒክ ታካሚዎችን በዕጣ መድበው ይህን ሕክምና፣ መድኃኒትን፣ ሁለቱን በአንድነትና ባዶ ክኒንን አነጻጸሩ። ሕክምናው እየተሰጠ ሳለ ሁለቱም ከባዶው ክኒን ተሻሉ። ሁሉም ነገር ቆሞ ስድስት ወር ሲያልፍ ግን ያለ መድኃኒት በዚሁ ሕክምና የታከሙት ከመድኃኒት ጋር ካጣመሩት በተሻለ ጸንተው ተገኙ። መድኃኒት የምትወስዱ ካላችሁ ይህን አንብባችሁ በገዛ እጃችሁ እንዳታቆሙ፣ አደራ። የኔ ነጥብ ሌላ ነው፦ ይህ ሁሉ የታወቀው እኔ ደረጃውን መውጣት ከመጀመሬ ብዙ ዓመት በፊት ነው። ታውቆ፣ ታትሞ፣ በዝርዝር ገብቶ፣ እኔ ጋ አልደረሰም።

ለምን አይደርስም? አንዱ ምክንያት የሚያስቅ ነው፦ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ይፈራሉ። ታካሚን ሆን ብሎ ማስፈራት ከባድ ነው። ሰው ሊረዳ ወደዚህ ሙያ የገባ ሰው፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ የሚንቀጠቀጥን ሰው «ድገመው» ማለት አንጀቱ እሺ አይለውም። ስለዚህ ሥልጠናውን የወሰደውም ቀስ በቀስ ወደ ወሬ ይንሸራተታል። ወሬ ለሁለቱም ደስ ይላል። አልፈርድም፤ ያቺ ሴት «ሞትክ?» ስትለኝ እኔ በእሷ ቦታ ብሆን አቅፌ ውሃ እሰጥ ነበር፣ ሕመሙንም እዚያው አስቀምጠው ነበር።

ሌላው ምክንያት ባለሙያው በቂ አለመሆኑ ነው። እዚህ ላይ ግን ደስ የሚል ታሪክ አለ። በ2003 የታተመ ጥናት ነው፣ ደቡብ ኡጋንዳ፣ ራካይና ማሳካ፣ 30 መንደሮች። ፖል ቦልተንና ባልደረቦቹ መጠይቃቸውን ይዘው አልተንደረደሩም። መጀመሪያ ሰዉን «ይሄን ሕመም እናንተ ምን ትሉታላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ሁለት የአገሬው ስሞች አገኙ፤ አንደኛው ራስን መጥላት፣ ሌላኛው ለራስ ማዘን ማለት ነው። ለድባቴ በጥናት የተፈተነውን፣ በሰው ለሰው ግንኙነት ላይ የሚያተኩረውን ሕክምና ወሰዱና ለአካባቢው እንዲስማማ አድርገው በቡድን እንዲሰጥ አደረጉ። ያከሙት የአካባቢው ሰዎች ናቸው፣ የአእምሮ ሕክምና ትምህርት ያልነበራቸው፣ ሁለት ሳምንት የሠለጠኑ። በሳምንት አንድ ቀን፣ 16 ሳምንት። መጨረሻ ላይ የድባቴ መለኪያውን ያሟሉት ከታከሙት 6.5 በመቶ፣ ካልታከሙት መንደሮች 54.7 በመቶ ነበሩ።

ሁለት ሳምንት የሠለጠነ ሰው! ዲግሪ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ምን ማድረግ እንዳለበት በግልጽ የተነገረውና የሚከታተለው ያለው ሰው ሩቅ ይሄዳል ማለቴ ነው። እንግሊዝም በ2008 ያ የፓኒኩ ክላርክና ሪቻርድ ላያርድ የተባለ የኢኮኖሚ ባለሙያ ያራመዱትን አገራዊ ፕሮግራም ጀመረች፤ ባለሙያዎችን በተፈተኑ ሕክምናዎች አሠልጥኖ በየቀጠሮው የታካሚውን ሁኔታ መለካት። ሕክምናውን ከሚጨርሱት ግማሽ ያህሉ ይድናሉ። ግማሽ ትልቅ ነው። ግማሽ ደግሞ ግማሽ ነው። ደስ የሚለኝ ግን ቁጥሩ በአደባባይ መውጣቱ ነው፣ ያልዳነው ግማሽ ተደብቆ አልቀረም።

አሁን ወዳጆቼ «ቴራፒ ልጀምር ነው፣ ጥሩ ሰው ታውቃለህ?» ሲሉኝ ጥሩነቱን መጨረሻ ላይ እናወራዋለን እላለሁ። ጥሩ ሰው መሆኑማ ያስፈልጋል፤ የማታምኑት ሰው ስትሮ ቢሰጣችሁ አትቀበሉትም። ግን መጀመሪያ ቀጠሮ ላይ ሳታፍሩ ጠይቁ፦ ለኔ ዓይነት ችግር የሚሰጡት ሕክምና ስሙ ምንድነው? በእኔ ዓይነት ሰዎች ላይ ተፈትኗል ወይ? እየሠራ መሆኑን በምን እናውቃለን፣ ካልሠራስ መቼ ነው ሌላ የምንሞክረው? ነውር አይደለም። ሐኪም «ይህን ክኒን ዋጥ» ሲላችሁ ምንድነው ትሉ የለ? ጥያቄውን የሚወድ ባለሙያ አለ፣ ፊቱ ያበራል። ቅር የሚለውም አለ። ቅር ካለው እሱም አንድ መልስ ነው።

እኔ ለራሴ ሳልጠይቅ ኖሬ ምክር ሰጪ ሆኛለሁ፣ ታዘቡኝ።

ባለፈው ሰሞን ለቀድሞው ባለሙያዬ ደወልኩ። ለምን እንደደወልኩ እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ቁጭቴን ልነግራቸው አስቤ፣ ድምፃቸውን ስሰማ ተውኩት። በምትኩ ስለ ፓኒኩ፣ ስለ ስትሮው፣ ስለ ወረቀቷና ስለ ቁጥሮቹ ነገርኳቸው። ሊፍት መግባት መጀመሬን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ፣ መስማት ያውቃሉ። ከዚያ ቆየት ብለው «በደረጃ ነበር እንዴ የምትመጣው?» አሉ።

«አዎ። ሁለት ዓመት።»

እንደገና ዝም አሉ። ወረቀት ሲገለጥ ይሰማኛል፣ እስክሪብቶ ሲፈለግም።

«ስትሮው» አሉኝ፣ «ቀጭኑ ነው ወፍራሙ?»